በሐይቁ ዳር ስለተነበቡት አሥራ አንድ ስሞች

ለተከበሩት ዋና ሥራ አስኪያጃችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ በሐይቁ ንፋስ የያዘዎት ጉንፋን እንደለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ሌላ ምንም አይሰማኝም።

አሥራ አራት ዓመት በሥልጠና ክፍል ሠርቼ፣ ለአርባ ሠራተኞች የተፈጥሮና የሳይንስ ትምህርታዊ ጉብኝት እንዳዘጋጅ ሲያዙኝ ትልቅ ክብር ተሰምቶኝ ነበርና፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ እምነትዎ። የታሸገውን ካርቶን በእጅዎ ሰጥተው «የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ነው፤ አደራ እንዳይጨማደድ» ስላሉኝ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ሄጃለሁ። አንድም አልተጨማደደም።

፪. ስለ ሰዓት አጠባበቅዎ። አዛውንቱ የወፍ ተመራማሪ ስለ ተጓዥ ወፎች አስረድተውን ቴሌስኮፓቸውን ሊተክሉ ወደ ማዶ እንደተሻገሩ፣ እርስዎ ከኪስዎ ወረቀት አውጥተው ድርጅቱ የሚያሰናብታቸውን የአሥራ አንድ ሠራተኞች ስም አነበቡልን። ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የስንብት ደብዳቤዎቹንም ለየባለቤታቸው ያደልኩት እኔው ነኝ። ዘጠነኛው የራሴ ነበር። ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሠራችው ነፍሰ ጡሯ ባልደረባዬ ደብዳቤዋን ተቀብላ «እትዬ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እጄን አየችው፤ ገና ሁለት ደብዳቤ ይዤ ነበር።

፫. ስለ ጽናትዎ። ወዲያው «በሉ እንግዲህ፣ ፕሮግራሙ ይቀጥል» ስላሉ፣ ቀጠለ። ሾፌሩ «እህቴ፣ ትንሽ ተቀመጪ እንጂ» ቢለኝም፣ ምሳ ለሁሉም መድረሱን ማረጋገጥ ሥራዬ ስለነበር አልተቀመጥኩም። ለሁሉም ደርሷል።

፬. ይህን ቁጥር ለቅሬታ ትቼው ነበር። ያለኝ አንድ ብቻ ነው፦ ባልደረባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አታነሣም። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማድረጌም ስለዚሁ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን እንዳልነገሩኝ በአንድ መስመር ቢጽፉላት፣ ሥራዬስ እርስዎ ጋ ይሁን፣ ይቆይልዎ።

በተሰናበተችበት ዕለት እንኳ ትእዛዝዎን ሳታጓድል የፈጸመችው፣
የቀድሞዋ የሥልጠና አስተባባሪ

ሳልረሳው፦ የወፍ ተመራማሪው ማዶ ስለነበሩ የተነበበውን አልሰሙም፤ ትናንት የምስጋና ደብዳቤ ልከውልኛል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ጸጥ ያለ ቡድን አስጎብኝተው እንደማያውቁ፣ ወፎቹም ሳይደነብሩ እግራችን ሥር ድረስ መምጣታቸው እንዳስደነቃቸው ጽፈው፣ አለቃችን በምን ዘዴ እንዳሠለጠኑን እንድጠይቅላቸው አደራ ብለውኛል።