የጥፍር ውድድር

ግንቦት 1 ቀን 1964

ጉልበቴ ዝናብ ይጥላል ብሎኝ ነበር። ዋሸኝ።

ከዴራ የገዛናት ዳለቻ ላም መዥገር ወሯታል። ጡቷ ሥር፣ ጆሮዋ ውስጥ... እንደ ጉሎ ፍሬ ያበጠ። የልጅ ልጄ ፋናዬ ልትነቅል ተቀመጠች። የጎረቤቴ የከዲሮ ሚስት ሀሊሜም ላግዛት ብላ መጣች። ዝም ብሎ መሥራት ምን ደስ ይላል? ውድድር አወጣሁ። ነቅሎ፣ ድንጋይ ላይ አድርጎ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ጠጭ! ብዙ ያፈነዳ ያሸንፋል።

«አባባ፣ እርስዎስ አይነቅሉም?» አለች ፋናዬ።

«ዳኛ እጁን ደም አያስነካም።»

ሀሊሜ በሳቅ እየፈረሰች ሁለት ሁለቱን ታፈነዳለች። ደሙ ጉንጯ ላይ ተፈናጠረ። ከዲሮ አንገቱን በአጥር ላይ ብቅ አድርጎ፣ «ወልዴ፣ የሰው ሚስት በነፃ ታሠራለህ አንተ?» አለኝ።

«ያንተንማ ማን ይፈልገዋል፣ ጥፍርህ ቁንጫ አይገድል!»

ሀሊሜ አሸነፈች።

ግንቦት 3 ቀን

ዳለቻዋ ማመስኳት አቆመች። ገላዋ እሳት፣ ከአፍንጫዋ ደም። ሳትሞት ትታረድ ተባለ፤ ታረደች። ሰባት የክርስቲያን ቤት ተካፈልናት። እነ ከዲሮ እኛ ያረድነውን አይበሉም፣ እኛም የእነሱን። ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ፣ «ምንድነው የሚሸተኝ?» አለ። «ቅናት ነው» አልኩት።

ሦስት ጊዜ በላሁ። ጥሬውንም ጭምር።

ግንቦት 6 ቀን

ፋናዬ ተኛች። ራሴን፣ ወገቤን ትላለች። ዓይኗ ቀልቷል።

ብርድ ነው... ብርድ ይሆናል።

ግንቦት 7 ቀን

ከድዷ ደም መጣ። ማንም ሳይመታት ክንዷ በልዟል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አሰግድ መርፌ ወጋትና፣ «አባባ ወልደ ሚካኤል፣ ሥጋው ነው» አለኝ። ሰባቱም ቤት የተረፈውን ቋንጣ ቆፍሮ ቀበረ።

እኔስ? ከሁሉም አብልጬ የበላሁት እኔ! ቁጭ ብዬ ትኩሳቴን እጠብቃለሁ። ግንባሬን እዳስሳለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ለምን እኔን አይዘኝም?

«አባባ፣ ትንሽ ያስቁኝ» አለችኝ ፋናዬ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልመጣልኝም።

ግንቦት 8 ቀን

ሀሊሜ ታመመች። ያው ነው... ዓይኗ ደም መስሏል፣ የአፍንጫዋ ደም አልቆም አለ።

ሀሊሜ ከዚያ ሥጋ ቁራሽ አልቀመሰችም። ስናርድ አልነበረችም፣ ስንገፍፍም አልነበረችም። ታዲያ ከየት አመጣችው? እሷና ፋናዬ አብረው የሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

መዥገሩ። ጥፍራቸው።

ማን አስጀመራቸው? ማን ነበር ዳኛው?

ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ግንቦት 9 ቀን

አሰግድ ዘንድ ሄድኩ። «ሥጋው አይደለም፣ መዥገሩ ነው። በጥፍር አታፍነዱ ብለህ ለሰው ንገር» አልኩት። ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ምን አመጡብኝ፣ አባባ?» አለ። ምን ይፈረድበታል? አምና ወንድ አህያዬን ምጥ ያዘው ብዬ ከምሳው አስነስቼዋለሁ።

ስመለስ በየበሩ ሴቶች ከብታቸው ሥር ቁጭ ብለዋል። እየነቀሉ። እያፈነዱ። ያ ድምፅ...

ግንቦት 12 ቀን

ሀሊሜ አረፈች። ከአሥር ሰዓት በፊት ተቀበረች። ከዲሮን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ለፋናዬ አልነገርኳትም። የእሷም ደም ገና አልቆመም።

ግንቦት 16 ቀን

ፋናዬ ገንፎ ጠየቀች። ትኩሳቱ ለቋታል። ተመስገን... እልልታ አማረኝ፤ አጥር ለአጥር ነን፣ ከዲሮ ይሰማል ብዬ ተውኩት።

ከዲሮ ቤት ገባሁ። «ሀሊሜን የገደላት መዥገሩ ነው» አልኩት። «ውድድሩን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

የሙስበሃውን ዶቃ አንድ በአንድ ቆጠረ።

«ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ለአሰግድ ነገርኩ። ሳቀብኝ።»

«ቅዳሜ ገበያ አብረን እንሄዳለን» አለ።

ግንቦት 19 ቀን

ከብት ተራ ቆምን። «መዥገር በእጃችሁ አትንኩ፣ በወረንጦ ነቅላችሁ እሳት ውስጥ ጣሉ» ብዬ ጀመርኩ። ከኦጎልቾ የመጣ ሁሴኖ የሚባል ነጋዴ፣ «ሽማግሌው ጨዋታ ጀመረ» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ከዲሮ ወደ ፊት ወጣ። በኦሮምኛ ተናገረ፣ በአማርኛ ደገመው። «ሚስቴን ከቀበርኩ ሳምንቴ ነው። የገደላት ይሄ ሰው የሚላችሁ መዥገር ነው።»

ሳቁ ቆመ። ሁሴኖ የበሬውን ጆሮ ይዞ ነበር። ቀስ ብሎ ለቀቀና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገው። ደግሞ ጠረገው።

ጎን ለጎን ተመለስን። ቦዩን ስንሻገር ክንዴን ይዞ ደገፈኝ። ሃምሳ ዓመት በዚህ መንገድ ስንሰዳደብና ስንሳሳቅ ነው የተመላለስነው። ደጄ ላይ ስንደርስ ክንዴን ለቀቀው።

«ደህና ይዋሉ፣ አቶ ወልደ ሚካኤል» አለኝ።

ይዋሉ አለኝ... ከዲሮ።