ለዳክዬ የተባለ በስመ አብ

ቭላርዲንገን፣ ጥር 2009 ዓ.ም.

ውድ ልጄ አስራት፣

እኔ ደህና ነኝ፤ አንተም በዚያ በመርከብህ ላይ ደህና እንደሆንክ አምናለሁ። የምትጽፍልኝ ብዙወርቅ ናት፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፤ አላፍርበትም። በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን በስልክ ገና ወሬ ስጀምር «ፓፓ፣ ኔትወርኩ ሊቋረጥ ነው» ትለኛለህ። ደብዳቤ አያቋርጠኝም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የውሻህ ነገር ነው። ከፍሪስላንድ የሚገዛት ሰውዬ ይመጣል፣ ኖርቼን ስጠው ብለህ ነበር። መጥቷል። እንዴት እንደተለያየን ከመንገሬ በፊት ግን ከሥሩ ልጀምር፤ አዳኙ ኮር ጽፎልህ ያወቅከው ግማሹን ብቻ ነው።

ነሐሴ ላይ የባሕር አሸዋ ልትጠርግ ሲንጋፖር ድረስ ስትሄድ ማሰሪያዋን እጄ ላይ ጥለህ ሄድክ። «ኮር ያሠለጥናታል፣ አንተ ማብላትና ማንሸራሸር ብቻ ነው» አልከኝ። እኔን አባትህን «አንተ» ትለኛለህ። ኮርን በሆላንድኛ ስታነጋግረው ግን በአክብሮት ነው፤ ሰምቼሃለሁ። ይሁን። ውሻ ቤት እንደማላስገባም ታውቃለህ፤ በረንዳው ላይ ከጣውላ ማደሪያ ሠራሁላት። እሑድ ቅዳሴ ስሄድ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ ልብሴን ለውጬ ነበር ባቡር የምሳፈረው።

ኮርን መጀመሪያ ንቄው ነበር። ከከተማው ጀርባ፣ ፖልደር በሚሉት ውኃው ተጠርጎ በወጣ የሣር ሜዳ ላይ የማደን መብት አለው፣ ጠመንጃም አለው፤ ግን አብዛኛውን ቀን ሲዞር ውሎ ሳይተኩስ ይገባል። «ዘንድሮ ጥንቸሉ አንሷል፣ አይነካም» ይላል። ሴቷ ወፍ ስትነሳ አፈሙዙን ወደ መሬት ይመልሳል። ዝዮቹ የገበሬውን ሣር ሲጨርሱ ግን አይምርም። እኔም በጉልምስናዬ ባሌ ተራራ ላይ የአራዊት ዘበኛ ነበርኩ፤ ለመግደል የሚወጣውንና አገሩን ለመጠበቅ የሚወጣውን ሰው ካረማመዱ እለየዋለሁ። ከዚያ በኋላ እኔው ነኝ ጠዋት ጠዋት ደጁ ሄጄ የምጠብቀው።

ኖርቼ አፍንጫዋ አይዋሽም። ኮር ላባ የጠቀለለበትን ጆንያ ይወረውርና «አፖርት!» ይላታል፤ አምጪ ማለቱ ነው። ሮጣ ታመጣለች። ለጆንያው ጎበዝ ነበረች። ጥቅምት ላይ ግን እውነተኛ ወፍ መጣ። ፋዛንት የሚሉት፣ የእኛ የቆቅ ዘመድ ነው፤ ጭራው ብቻ ይረዝማል። ክንፉን ተመትቶ ወደቀ፣ ኖርቼ አገኘችው፣ አፏን ከፈተች። ለእኔ ደግሞ በአፏ ከሞተ በክት ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ በክት ልብላ?

«ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ። ቆመች። ደረስኩ፣ ቢላዬን አወጣሁ፣ በስመ አብ ብዬ ባረክሁት። ከዚያ ወዲያ ላባው ላይ ብትነክስ ምን ቸገረኝ፤ ላባው ተነጭቶ ይጣላል። «ያዢ» አልኳት፤ አንስታ ከረጢቱ ድረስ ተሸከመችልኝ። ኮር ሳቀና ወፉን ሰጠኝ። ብዙወርቅ ወጥ ሠራችው። ጣቷን እንደላሰች እዚህ ላይ እንድትጽፍ አድርጌያታለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ወሩ አለቀ። ኮር ይጥላል፣ እሷ ታገኛለች፣ ላዩ ላይ ትቆማለች፣ እኔ እደርሳለሁ፣ እባርካለሁ፣ ከዚያ ታነሳለች። ኮር ጥንቸልም ዳክዬም ሲመታ ለራሱ በሌላ ውሻ ያስመጣ ነበርና ችግሩን ማናችንም አላየነውም። እኔማ እንዴት ያለች ውሻ አወጣሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። አሁንም እኮራለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ኮር ሁለት ባልንጀሮቹን ጋበዘ። ያ ሌላው ያረጀ ውሻው ታሞ ነበርና የወጣችው ኖርቼ ብቻ ናት። ጾመ ነቢያት ስለነበር ለሥጋ አልሄድኩም፤ ለእሷ ነው የሄድኩት። ዳክዬ ተመትቶ ከሰፊው ቦይ ማዶ፣ ሸምበቆው ውስጥ ወደቀ። ኖርቼ ዋኝታ ተሻገረች። አገኘችው። ላዩ ላይ ቆመች። የቦዩ ዳርና ዳር በረዶ ጋግሯል፣ እሷ ሆዷ ድረስ ውኃ ውስጥ ናት። ዞር ብላ እኔን አየች።

«አፖርት!» አለ ኮር። ምንም። «አፖርት፣ ኖርቼ! አፖርት!» ፊሽካውን ነፋ። ምንም። ኮር ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«አቤ፣ ይህች ውሻ ምን እየጠበቀች ነው?» አለኝ፤ አበጋዝ ማለት አይሆንለትም።

«እኔን።»

«ታዲያ ሂድላታ!»

«ዋና አልችልም።»

«ቄስ ነው የምትጠብቀው!» አለ አንደኛው፣ አጭሩ። ኮር አስቀድሞ አጫውቷቸዋል ማለት ነው። ሁለቱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«በቃ ከዚህ ሆነህ በልላት» አለኝ ኮር።

እዚህ ላይ ልብ በል ልጄ። እኔ ዳክዬ አልበላም። አባቴም አልበላም። በማይበላ ነገር ላይ የሥላሴን ስም መጥራት ጨዋታ አይደለም፤ ያውም ሰው እየሳቀ። «አልልም» አልኩት። «ለዳክዬ አልልም።»

ኮር ፊሽካውን ኪሱ ከተተ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማዶ ያለችው መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ጆሮዋ ሲርገበገብ ከዚህ ይታያል። ዳክዬው ከሥሯ ይንፈራገጣል፣ አትነካውም። የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው። ያን ቃል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ከሌላ ሰው አፍ አትቀበለውም። እናትህ ካረፈች ወዲህ እኔ እስክደርስ ብሎ እንዲህ ቆሞ የጠበቀኝ ፍጡር የለም። አንተንም ጨምሬ ነው።

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አልኩ፣ ማዶ እስኪሰማ። «ያዢ!»

ሳቁ ቆመ። ኖርቼ ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ውኃው ውስጥ ገባች፣ በረዶውን በደረቷ እየሰበረች መጣች። የሰጠችውም ለእኔ ነው፣ ለኮር አይደለም። ዳክዬውን ለኮር ወረወርኩለትና ካፖርቴን አውልቄ ጠቀለልኳት። ቤት አስገባኋት። አዎ፣ ቤት። አንተ ክፍል ነው ያደረችው፣ ማሞቂያው ሥር። ከዚያ ወዲህም በረንዳው ላይ አላደረችም።

እሑድ የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ነገርኳቸው። «ስሙን የጠራኸው ለዳክዬው ነው?» አሉኝ። «የለም አባ፣ ለውሻዋ» አልኳቸው። «ውሻዋ የማን ናት?» «የልጄ።» «ልጅህስ ወዴት ነው?» አሉኝ። ባሕር ላይ ነው አልኳቸው። ስለ ዳክዬው ዳግመኛ አላነሱም። ስግደት ሰጡኝ፣ ስለ አንተም ጸለዩ።

አንተ ቅዳሴውን ትተህ ወደ ጴንጤዎቹ ከሄድክ ሦስተኛ ዓመትህ ነው። ውሻህ ግን ሥላሴ ካልተጠራ አትንቀሳቀስም።

ይህን ስል ብዙወርቅ ብዕሯን አስቀመጠች። እሷም እንደ አንተ ናት። «ጋሼ አበጋዝ፣ ይህን እኔ አልጽፍም» አለችኝ። «ጻፊው፣ ይስቃል» አልኳት። ጻፈችው። ሳቅክ? ቅዳሴውን የተውክ ጊዜ የተናገርኩህን አላነሳም፤ ያመንኩትን ነው የተናገርኩት። መናገሬ አይቆጨኝም። ከዚያ በኋላ ግን አንተም ዝም፣ እኔም ዝም፤ በስልክ ጤናና አየር ብቻ። ዝምታው በዝቶብኛል። ውሻዋ ስትመጣ ቢያንስ የማወራው ነገር አገኘሁ፤ ምን በላች፣ ምን አገኘች፣ ዛሬ ማንን ነከሰች። ማንንም ነክሳ አታውቅም፤ አንተ እንድትደውል ብዬ ነው ያልኩህ።

ኮር «አታመጣም» ብሎ ሲጽፍልህ ቸኩሎ ነው። ባለፈው ሰሞን ራሱ መጥቶ፣ ግንቦት ላይ ገበሬዎቹ ሣር ከማጨዳቸው በፊት የወፍ ጎጆና የጥንቸል ግልገል ፈልጋ ሳትነካ የምትቆም ውሻ እፈልጋለሁ አለኝ። እሷ የቆመችበት ላይ ዘንግ ይተከላል፣ የማጨጃው መኪና ዞሮ ያልፋል። «ለዳክዬው ሌላ እናገኛለን» አለ። እኔም «አፖርት» ሲል እንድትሰማው እያለማመድኳት ነው። አስቸጋሪ ናት፣ እልኸኛ። ማንን እንደምትመስል አላውቅም።

እንግዲህ ሰውዬው። ቅዳሜ መጣ፤ ቁመቱ ዛፍ፣ ንግግሩ ለስላሳ። አዲስ ማሰሪያ ገዝቶላት ነበር። ተንበርክኮ አሻሻት፣ ጥርሷን አየ፣ ወደዳት። መጥፎ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ማሰሪያውን አንገቷ ላይ ሲያጠልቅ እሷ ምንም አላለች። እኔ ነኝ ተነስቼ የፈታሁት።

«ልጅህ እኮ ተስማምቷል» አለኝ።

«ልጄ እዚህ የለም» አልኩት። «እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።»

«እና ምን ልበለው?»

«እኔ እነግረዋለሁ።» ሻይ አጠጣሁት፣ እስከ መኪናው ሸኘሁት። ባዶውን ያን ሁሉ መንገድ ተመለሰ። ደውለህ ይቅርታ ጠይቀው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ አይገባውም ነበር።

ይኸው ነገርኩህ። ውሻዋ ያንተ ናት፣ የኔ ናት አላልኩም። ልሽጣት ካልክ ትሸጣለህ። ግን ለፍሪስላንድ ሰው አላስረክብም፣ ለኮርም አላስረክብም። የማስረክበው ለአንተ ነው፣ እዚሁ ደጃችን ላይ፣ ማሰሪያዋን ከእጄ ወደ እጅህ። ይህን አንብበህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። በስልክ አትቆጣ። ቤት ድረስ መጥተህ ተቆጣኝ።

አባትህ አበጋዝ፣
በብዙወርቅ እጅ የተጻፈ