ወደ ጅዳ ያልተሻገሩት ፍየሎች

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለመሊካ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? እዚያ ብርድ የለም ትያለሽ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ ሥር ስትሠሪ ውለሽ ወደ ውጪው ሙቀት መውጣት እንደማይስማማሽ አውቃለሁ። አሠሪሽስ ደህና ናቸው? ልጆቻቸውስ? እኛ አላህ ይመስገን በሕይወት አለን። እናታችን ደም ብዛቷ አንድ ቀን ከፍ አንድ ቀን ዝቅ ይላል እንጂ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ልጅሽ ኢክራ፣ ባለቤቴ ሰልሰቢልም ደህና ናቸው። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ግን አልቻልኩም።

የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ስልካችን የት እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ከእናታችን መደብ ራስጌ ነው፤ እኔ «ሃሎ» ስል እሷ ቀና ትላለች። ስለዚህ እዚያው የምትሠራው ራዲያ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያ ስትመለስ ይህን በእጅሽ እንድትሰጥሽ ለምኛታለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ፍየሎቹ አልሄዱም፣ አይሄዱምም። የመጨረሻ መውጫ ቪዛሽን ገና ካላስመታሽ እንዳታስመቺ። ለአሠሪሽ ሥራ እለቃለሁ ብለሽ ነግረሻቸው ከሆነም፣ ዛሬውኑ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ በያቸው።

ምን ብለሽን እንደነበር አልረሳሁም። ያለሽን ሁሉ ፍየሎቹ ላይ ስታደርጊ፣ ሥጋው አንዴ ከተሻገረ ንግዱ በእግሩ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ የሰው ቤት አልጠርግም፣ ልጄን በእጄ አሳድጋታለሁ ነበር ያልሽው። ለአረፋ ቤቴ ነኝ ብለሽ ነበር። ለዚህም ነው ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ የፈለግኩት፤ ወንድሜ ገንዘቤን በላው ብለሽ እንዳታስቢ ሳይሆን፣ በምን እንደቀረብን እንድታውቂው ብዬ ነው።

የአሠሪሽ ወንድም፣ ሥጋውን ሊቀበሉን የነበሩት፣ ሀገራቸው የሥጋና የዶሮ ሥጋ ሲገባ የሚጠይቀውን ሁሉ በወረቀት አስጽፈው ልከውልን ነበር። ዓረብኛ ስለሆነ የመድረሳው ኡስታዝ አነበቡልን። እኔ የዚያን ዕለት ሳቅሁ። የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ተከራክረውት ንቅንቅ የማይል ደንብ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለ ዶሮ የተጻፈው ብቻ ገጽ ይሞላል፤ የት ተፈለፈለ፣ ምን በላ፣ ደሙ በየትኛው ላቦራቶሪ ተመረመረ ይላል። ዶሮ ተራ ቅርጫት ውስጥ ተደራርቦ ለሚውለው ለእኛ ዶሮ ይህ ሁሉ ሲጠየቅ ሰልሰቢል ሰምታ «ለእኔ እንኳ እንዲህ የተጨነቀልኝ የለም» አለች። ዶሮውን ተውነውና ፍየሉን ያዝን።

ፍየሉም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በሽታ ካልገባበት አገር ይገዛል፣ ይከተባል፣ ጆሮው ላይ ምልክት ይደረግለታል። ከዚያ ለብቻው በታጠረ በረት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከውጪ አንድም እንስሳ አይቀላቀልበትም። ሦስቱ ሳምንት ሲሞላ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም አይቶ የጤና ወረቀቱን ይፈርማል። ቄራው የእነሱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያጸደቀው፣ አራጁም ፈቃድ ያለው ሙስሊም መሆን አለበት። ሥጋው ቀዝቅዞ፣ የታረደበት ቀን በዓረብኛ ተለጥፎበት በአውሮፕላን ይሄዳል። ቄራ ሞጆ አጠገብ አገኘን፣ በረቱንም እዚያው ተከራየን፣ ጠባቂ ደግሞ ማሙሸትን አስቀመጥን። ታስታውሺዋለሽ፣ ጭድ ተራ ከሱቃችን ፊት ለፊት ጭድ ያራግፍ የነበረው ነው፤ ከብት ያውቃል፣ ሰውም ያምነዋል።

ሐኪሙ ዶክተር ሙሉብርሃን ይባላል። ገና ስንተዋወቅ በልማዴ ሦስቱን ሳምንት በሁለት ጨርስልኝ ብዬ ተከራከርኩት። ቀን እንደ ሱቅ ዕቃ እንደማይቀነስ፣ በሽታም ካለ ራሱን የሚያሳየው ጊዜ ሲሰጠው እንደሆነ ረጋ ብሎ ነገረኝ። ምን ያለው ደረቅ ነው ብዬ ተናድጄ ተመለስኩ። ለማሙሸትም ያው ደንብ ነው ብዬ፣ የራስህን ውሻ እንኳ እንዳታስገባ አልኩት።

እናታችን ግን የራሷ ጉዳይ ነበራት። ኢክራን ጡት አስጥለሽ የሄድሽ ዕለት ልጄን በሰላም ከመለስክልኝ ነጭ በግ አርዳለሁ ብላ ተስላ ነበር። አንቺ ለአረፋ እመጣለሁ ስትያት የስለቱ ጊዜ ደረሰ ብላ አመነች። የሀገር ቤት ዘመዶቻችንን ልማድ ታውቂዋለሽ፤ መንጋ ለትልቅ ገበያ ሊወጣ ሲል የስለቱ በግ አብሮት ያድራል፣ ጠዋት ዱዓ ተደርጎ ይታረዳል፣ በረካው ለመንጋው ይተርፋል ይባላል። ዘመድ ልጠይቅ ብላኝ ቡታጅራ ወረደች። ከአጎታችን ግቢ በጉን መርጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫነች፣ ዝዋይ ላይ መኪና ቀየረች፣ ከዚያ ሞጆ ወረደች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጉልበቷ።

ማሙሸት ሲያያት በጉን በገመድ ይዛ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከበሩ ቆማለች። እንስሳ ማስገባት እንደተከለከለ ነግሯታል። እሷም ይሄ እንስሳ ሳይሆን የልጄ ስለት ነው አለችው። በኋላ ስጠይቀው «ጋሼ ባህረዲን፣ እናት ናት፤ እናትን ከበር መልሼ የት ልገባ ነው?» አለኝ። እኔም ብሆን እከፍትላት ነበር። በጉ ትንሽ ያነክስ ነበር፣ ለሃጩም ይንጠባጠብ ነበር፤ ጣሪያ ላይ ተንገላቶ ነው ተባባሉ። ከፍየሎቹ ጋር አደረ። ጠዋት የሠፈሩ ሽማግሌዎች ተጠርተው ዱዓ ተደረገና ታረደ። ማሙሸት የእኛን እርድ እንደማይበላ ታውቂያለሽ፣ እሱ ጥግ ይዞ ቆሎውን እየቆረጠመ አሜን ይል ነበር። እናታችን ልቧ ሞልቶ ቤቷ ገባች፤ ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሳምንት አልፎ ዶክተሩ ሊፈርም በመጣ ዕለት እኔም ሄድኩ። አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ ነበር፣ እንደ ሙሽራ። በሩ ሲከፈት ነገሩ አላማረኝም፤ ፍየሎቹ ተኝተዋል፣ ድርቆሹም እንደቀረበላቸው አለ። ዶክተሩ የአንዱን አፍ ከፍቶ አየ፣ ምላሱ ተልጧል። ሌላውን አየ፣ ሌላውንም። ከዚያ ሰኮናቸውን እያነሣ አየ። ቀና ሲል ፊቴን ማየት አልፈለገም። «አፍተግር ነው» አለ።

የታመሙትን ለይተን ደህናዎቹን እንላክ አልኩት። ለመንኩት መሊካ፣ ባንቺ ስም ለመንኩት። እህቴ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ ያጠራቀመችው ነው አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ግን አንዱ ከታመመ በረቱ በሙሉ እንደታመመ እንደሚቆጠር፣ እሱ ቢፈርም እንኳ ሥጋው እዚያ ደርሶ እንደሚመለስ፣ ያኔ በሩ የሚዘጋው በእኔ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ላኪ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። ቀጥሎ ምን እንስሳ እንደገባ ጠየቀ። ማሙሸት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ተናገረ። በጉ የመጣበት መንደር በሽታው ገብቶበት እንደነበር ኋላ ተጣርቶ ሰማን።

ቄራው ለራሱ ፈቃድ ፈርቶ ውላችንን ሰረዘ። ከፍየሎቹ የደከሙት ሞቱ። የቀሩት እስኪያገግሙ ከበረቱ እንዳይወጡ ታግደዋል፤ ከዚያ በኋላ ከስተው ለአካባቢው ገበያ ቢወጡም የበሉትን እንኳ አይመልሱም። ከድካምሽ የተረፈ ነገር የለም። ዶክተሩ ከወራት በኋላ እንደገና መጀመር ይቻላል ብሎኛል፤ በምን እንደምንጀምር ግን አልነገረኝም። ለአሠሪሽ ወንድም ኡስታዙ በዓረብኛ ጽፈውልኛል፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ ያገናኘችን እህቴ እንዳልሆነ አስረድተናል። ይመኑን አይመኑን አላውቅም። ክፉ ቃል ከተናገሩሽ ስለ እኔ ብለሽ ቻይው።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ከሞጆ ስመለስ እናታችን በር ላይ ጠብቃ ፍየሎቹ ሄዱ ወይ አለችኝ። ዝዬ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ሄዱ አልኳት። እጇን ዘርግታ አላህን አመሰገነች፣ አለቀሰች። ስለቷንም ያን ጊዜ አጫወተችኝ፤ ማሙሸትን እንዴት እንደረታችው እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ። ከዚያ ወዲህ አማኑኤል ሠፈር የአንቺን መምጣት ያልሰማ ጎረቤት የለም። የምትተኚበትን ክፍል ኖራ አስቀብታለች፤ አንሶላውን አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣለች።

ልጄን ያመጣልኛል ያለችው በግ ልጇን እንዳስቀረባት ብታውቅ ምን እንደምትሆን አስቢው። ከዚያ ደም ብዛት ጋር የምትችለው አይመስለኝም። ስለዚህ ልለምንሽ ነው። ስትደውዪ ለመቆየት የወሰንሽው አንቺ ራስሽ እንደሆንሽ ንገሪያት። ደመወዝ ጨመሩልኝ፣ ውሌን አራዘምኩ በያት። ታዝንብሻለች፣ ትቆጣሽም ይሆናል፤ በቁጣው ግን አትሞትም። ኢክራ ግን ያን ስልክ አጠገቧ ሆና ትሰማለች። እናቴ መምጣት እየቻለች ቀረች ብላ ነው የምትይዘው። ይህን ሳስብ ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ፣ መሳለሚያ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ፤ ሌላ መላ አልመጣልኝም። አንቺ ካገኘሽ ንገሪኝ። በልጄ ፊት ይህን አልልም ካልሽም አልቀየምሽም፤ ያኔ ለእናታችን እኔው እነግራታለሁ፣ የሚመጣውንም እኔው እሸከማለሁ።

እናታችን ሰላም ብላሻለች፤ ስትመጪ ከባድ ሻንጣ አንስተሽ ወገብሽን እንዳትጎጂ ብላለች። ሰልሰቢል ትስምሻለች፤ ሁሉን ታውቃለች፣ በእናታችን ፊት ላለማልቀስ ወደ ጓዳ ትገባለች። ማሙሸት ይቅር በይኝ ብሎሻል፤ ወደ ጭድ ሥራው ተመልሷል፣ እኔን ሲያይ ግን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ኡስታዙ በዱዓቸው አልረሱሽም። ኢክራ ማዶ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው። ላንቺ እንደምጽፍ አውቃ መልእክት ሰጥታኛለች፣ እንዳለችው አስፍሬዋለሁ፤ «የጫማ ቁጥሬ ሠላሳ ሦስት ሆኗል፣ ግን ለሰው ሰጥተሽ እንዳትልኪው፣ ለአረፋ ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ» ብላለች።

ወንድምሽ ባህረዲን
አማኑኤል ሠፈር፣ መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 18 ቀን 1996 ዓ.ም.