ሰማያዊ የቀባኋቸው መብራቶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሦስት አምፖል ቀየርኩ። ሁለቱ ደረጃው ላይ፣ አንዱ ከወደቡ በር ፊት ለፊት። ከመሰላል ስወርድ ጉልበቴ ቀጭ አለ። «ግራሶ ይፈልጋል» አልኩት ለቆሻሻ መኪናው ሾፌር። «አንተን የሚቀበል ጋራዥ የለም» አለኝ። ቆይ፣ አገኘዋለሁ።

ገደሉ አናት ላይ ካለው ሰፈራችን እስከ ባሕሩ ዳር መንገድ መቶ አርባ ደረጃ ነው። ሃያ አራት ምሰሶ። ሁሉንም የተከልኩት እኔ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት። ሽቦ ያስተማረኝ የተበላሸ ሬዲዮ እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። ሲመሽ በአንዴ ቦግ ሲሉ ቆሜ ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም።

ያስተከለችኝ እትዬ ናት። ታላቅ እህቴ፤ ታች መንገዱ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ሊጥ የምታሸው እሷ ናት። ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ላይ ትወጣለች። ድሮ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ነበር የምትወርደው። አሁን እንደ ሙሽራ ትወርዳለች። ማነው ያደረገው? እኔ!

ኀሙስ፣ ጥቅምት 6

ፕሮፌሰሯ ካርቶን ይዛ መጣች። የእትዬ ልጅ ናት፤ ፕሮፌሰር ያልኳት እኔ ነኝ እንጂ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነች። የባሕር ወፍ ነው የምታጠናው። ካርቶኑ ውስጥ ግራጫ ጫጩት፣ ከመዳፌ ትንሽ የሚበልጥ።

«ምሳ አመጣሽልኝ?» አልኳት።

አልሳቀችም።

«አጎቴ፣ መንገድ ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት። ሌሎቹን ሁለት መኪና ሄዶባቸዋል።»

አስረዳችኝ። ገደሉ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚፈለፈሉት። በዚህ ወር፣ ሲመሽ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እናትና አባት ቀድመው ሄደዋል፤ መንገድ የሚያሳያቸው የለም። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ… ወደሚያበራው መብረር። ጨለማ ውስጥ የሚያበራው ደግሞ ባሕሩ ነበር።

«አሁን ግን ያንተ ደረጃ አለ» አለች።

መብራቱን ይዞሩታል፣ ይዞሩታል፣ ሲደክማቸው ይወድቃሉ። ከሜዳ ላይ ተነሥተው መብረር አይችሉም። እግራቸው ለመዋኘት እንጂ ለመሮጥ አልተሠራም። ካርቶኑን ይዛ ወርዳ ጫጩቱን ከወደቡ ጫፍ ለቀቀችው።

ዘንድሮ ሃምሳ ስምንት ጫጩት ቆጥራለች። በዚህ ሁሉ ባሕር ዳር የቀሩት እነዚህ ናቸው አለች። እስካሁን አምስት ሞተዋል። በኔ መብራት? በኔ መብራት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ማዘጋጃ ቤት፣ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ለዚህ ወር ብቻ እናጥፋ አልኩት።

«አንተ? መብራት እናጥፋ የምትል አንተ?» ሳቀብኝ። «ሰው ቢወድቅ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ወፍ እስካሁን ከሶኝ አያውቅም።»

«ወፏ ጠበቃ ይዛለች፤ ጠበቃዋ የእህቴ ልጅ ናት።»

«መብራቱ ይብራ። ሌላውን እንደፈለግክ አድርገው።»

እንደፈለግኩ። ይቺን ቃል ያዝኳት።

ፕሮፌሰሯ ለፈተና ሄደች፣ ለዘጠኝ ቀን። «ስመለስ አብረን እናስባለን። እስከዚያ ምንም እንዳትነካ፣ አጎቴ፣ በሞቴ።» እኔን ነው አትንካ የምትለው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

መጣልኝ! ሰማያዊ።

ሆስፒታል ተኝቼ የነበረ ጊዜ ሌሊት ሌሊት የሚበራው ሰማያዊ አምፖል ነበር። እንደ ሕፃን ነው ያስተኛኝ። ሰማያዊ ለዓይን ቀዝቃዛ ነው። ነጩ ነው የሚያደናብራቸው፤ እኔን ካስተኛኝ እነሱንም ያረጋጋቸዋል።

ከጠዋት እስከ ማታ መሰላል ላይ ነበርኩ። የሃያ አራቱንም መስታወት ቀባሁ። ሲበራ ባሕሩ ደረጃውን የወጣ ይመስላል። እንዴት ያምራል! ስትመለስ ፊቷን ላየው ነው።

እትዬ በመስኮት አይታ «ሰፈሩን ሬሳ ክፍል አስመሰልከው» አለች።

«አንቺ ዳቦሽን አታሳርሪ» አልኳት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

የቆሻሻ መኪናው ሾፌር በር አንኳኳ። ሳይቀልድ። «ሰባት ወፍ ጠረግኩ፤ ምን አድርገህ ነው?»

እንጃ… ትናንት ጨረቃ አልነበረችም። በሱ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አሥራ አንድ። ራሴ ነኝ ያነሣሁት፣ በባልዲ። አንዱ ገና ሞቃት ነበር።

ጨረቃ ነው። ወይ ነፋሱ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ስምንት። ሁለት ደግሞ በሕይወት አግኝቼ ከወደቡ ጫፍ ወደ ውሃው ለቀቅኳቸው።

ነፋስ አልነበረም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

መጣች። ሻንጣዋ ከትከሻዋ አልወረደም፤ ደረጃው ሥር ቆማ ወደ ላይ ታያለች።

«ማነው ሰማያዊ ያደረገው?»

እኔ አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት ነገርኳት፣ ሆስፒታሉን፣ እንቅልፉን… ስናገረው ራሱ አፈርኩ።

«አጎቴ… ለነሱ ሰማያዊ ከነጭ ይብሳል። ዓይናቸው የተሠራው እሱን እንዲያይ ነው። ባሕሩ እዚህ ነው ብለህ እኮ ነው የጠራሃቸው።»

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሯን አውጥታ ባልዲዬ አጠገብ ተቀመጠች። የተገኘበት ቀን፣ ቦታ፣ የሞተበት ምክንያት። ምክንያት በሚለው ሥር «መብራት» ጻፈች። ሃያ ስድስት ጊዜ። እኔ እየቆጠርኩላት።

ሳይመሽ ጉድጓዶቹን አየች። አሥራ ዘጠኝ ቀርተዋል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ቀለሙ አይለቅም። በቢላ ፋቅኩት፣ በነዳጅ አሸሁት። ቢለቅስ? ሥሩ ነጭ ነው።

አለቃዬን ድጋሚ ለመንኩት። «ብለናል እኮ» አለ።

እንግዲያው ፊውዙን አወጣሁና ኪሴ ከተትኩት። «ተቃጥሏል፤ ምትኩ ከመጋዘን እስኪመጣ ሦስት ሳምንት» አልኩት። አመነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር እንዲህ ያለ ተንኮል… አላለኝም።

ለእትዬ አልነገርኳትም። ምሥጢር ከእሷ አፍ ከዳቦው ቀድሞ ነው የሚወጣው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቼ እጇን ይዤ አወርዳታለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

መንገዱ ላይ አንድም ወፍ የለም። አንድም።

እትዬ ወደቀች።

አልተነሣሁም። እንቅልፍ ወሰደኝ። እሷ መብራቱ እንደ ሌላው ቀን ይበራል ብላ ወጣች፤ ስትወጣ ጨለማ፣ ይመጣል ብላ መውረድ ጀመረች። አርባኛው ደረጃ አካባቢ ሳተች። ቀኝ እጇ፣ አንጓው ላይ፣ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። እስኪነጋ እዚያው ተቀምጣለች።

«ተጣርቼ ነበር» አለችኝ ሆስፒታል። «የምትሰማኝ መስሎኝ።»

ሐኪሙ ሊጥ ማሸት ለረጅም ጊዜ አይታሰብም አለ። ሠላሳ ዓመት ሊጥ ያሸ እጅ ነው።

መብራት የተከልኩት ለእሷ ነበር። እሷንም ወፎቹንም… የቱን ነው ያልሰበርኩት?

ኀሙስ፣ ጥቅምት 20

ትናንት ማታ ፊውዙን መለስኩ። ሌላ ሰው ቢወድቅስ?

ዛሬ ጠዋት ሦስት ወፍ።

አጠፋሁ፣ ሰው። አበራሁ፣ ወፍ። እህል አልገባልኝም። ፕሮፌሰሯ ከእናቷ አልጋ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ አልጋው ትመላለሳለች። ዓይኔን አታየኝም። እውነቱን ታውቃለች፤ አልተናገረችብኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ለእትዬ ነገርኳት። ወጥ ቤት፣ ቆሜ፣ ወደ መሬት እያየሁ።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለወፍ?»

«ለወፍ።»

 ፋሻዋን በግራ እጇ ታስተካክላለች። የንዴቷ ጽዋ ምን ያህል እንደሞላ አላውቅም፤ ብቻ እስኪፈስ ጠበቅኩ።

«ብትነግረኝ እኮ ባትሪ እይዝ ነበር፣ አንተ ደንቆሮ።»

ይቺው ናት። ባትሪ። ሌላ ምንም አላስፈለገም ነበር። ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ የሽንኩርት መክተፊያው ላይ። እሷም እንባዋ መጣ፤ ከዚያ ተናደደች።

«ለመሆኑ ያን ሁሉ መብራት ሰማይ ላይ ስቀል ያለህ ማነው? እኔ የምረግጠው በእግሬ ነው ወይስ በአናቴ?»

ፕሮፌሰሯ በር ላይ ቆማ ነበር ለካ። «እማ፣ እስቲ ድገሚው» አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ሁለት ቀን አልተኛሁም። ዓርብ ማታውኑ የምሰሶዎቹን ገመድ ቆረጥኩ፤ ሌሊት የሚወርደውን ሰው በባትሪ አወረድኩ። አለቃዬ ያየኛል፣ ይየኝ።

አሁን መብራቱ ከጉልበት በታች ነው፣ ግድግዳው ሥር። ዳቦ ቤቱ ያረጁ የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮዎቹን ሰጠን፤ ቆረጥኳቸው፣ ከላይና ከባሕሩ በኩል የሚሸፍን ቆብ አደረግኳቸው። ውስጣቸውን ነጭ ልቀባ ስል ፕሮፌሰሯ ብሩሹን ቀማችኝ። ጥቁር ቀባነው። አምፖሉ ትንሽ፣ ቢጫው ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ሊጠፋ የደረሰ ከሰል የመሰለ። ለእያንዳንዱ «ይሄ ይሁን?» ብዬ ጠየቅኳት። በሕይወቴ እንዲህ ጠይቄ አላውቅም።

እትዬ እጇ በአንገቷ ታስሮ እንደ ጄኔራል ታዛለች። «እዚህ ጠርዙ አልታየኝም። ዝቅ። አሁንም ዝቅ። አንተ ራስህ ዝቅ በል።»

ሲመሽ ፕሮፌሰሯ ከወደቡ ጫፍ ደወለች።

«አጎቴ፣ አብራው እንጂ።»

«በርቷል።»

«ምንም አይታይም።»

ሥራህ አይታይም ተብዬ ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ወደ አለቃዬ ቢሮ ሄድኩ። ፊውዙ አልተቃጠለም፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ እህቴ የወደቀችው በእኔ ነው አልኩት።

ጠበቀ። «ቀልዱ የቱ ጋ ነው?»

«የለውም።»

የመብራት ሳጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ አዘዘኝ። ከሥራ ታግጃለሁ፤ ጉዳዬ ይታያል። አዲሱን መብራት ግን ማታ ራሱ ወርዶበት አየው። «ለጊዜው ይቆይ» ብሏል። ይበቃኛል።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 27

አራት ሌሊት፣ መንገዱ ላይ ምንም የለም። ዳንን! ብዬ ወጥ ቤት ውስጥ ልጨፍር ስል…

«አጎቴ፣ አትቸኩል» አለች ፕሮፌሰሯ። «ጉድጓዶቹን ካየሁ አሥር ቀን ሆነኝ። እስከ እሑድ ስንቱ እንደወጣ፣ ስንቱን ውሻ እንደወሰደ አናውቅም። ምናልባት መንገዱ ባዶ የሆነው የሚወጣ ስለሌለ ነው።»

ይህን አላሰብኩም። መብራቱን ያስተካከልኩት ከጨረስኳቸው በኋላ ከሆነስ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

በገመድ ወረድኩ። ፕሮፌሰሯ ልውረድ ብትል እምቢ አልኩ። ከላይ ሆና ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ እጄን እስከ ትከሻዬ እከታለሁ።

ባዶ። ባዶ። ላባ ብቻ። ባዶ። አንዱ ውስጥ የደረቀ ነገር ነካሁ… «ቀጥሎ» አልኩ። ባዶ። እትዬ ከላይ ደረጃው ላይ ተቀምጣ «ምን አለ?» ትላለች። አፈር ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፤ አፈር ነው። አሥራ ስምንት ጉድጓድ አየሁ። ተስፋ ቆረጥኩ።

አሥራ ዘጠነኛው ነከሰኝ።

ጣቴን፣ አጥብቆ፣ እንደ ፒንሳ። ጮኽኩ። «ወደቀ!» ብላ እትዬ ጮኸች። «አልወደቅኩም፣ ተነከስኩ!» አልኩ። «ተነከስኩ! አለ! አለ!»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ትናንት አመሻሽ ሦስታችን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እትዬ በግራ እጇ ክንዴን ይዛ። ዝቅ ያሉት መብራቶች እግራችንን ብቻ ያሳያሉ። ባሕሩን እንዲህ ሲያበራ ሁለት ዓመት አላየሁትም፤ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ ለካ።

መጀመሪያ አፈር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ አንድ ነገር ከራሳችን በላይ አለፈ፣ ጨርቅ እንደሚራገፍ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ይዞራል… አሁን ይዞራል…

«ዞረ?» አልኩ።

«አልዞረም» አለች ፕሮፌሰሯ። «ቀጥ ብሎ ሄደ።»

 እትዬ «በሰላም ግባ» አለችው፣ እንደ ሰው።

ዛሬ ጠዋት ከወደቡ እስከ ዳቦ ቤቱ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ንጹሕ ነው። ከሃምሳ ስምንቱ የሠላሳ አራቱን ሬሳ በባልዲና በካርቶን አንሥተናል። በእጃችን ውሃ ላይ ከለቀቅናቸው ከሦስቱ ሌላ፣ በራሱ ሲሄድ ያየነው አንዱን ብቻ ነው። ይህን ማንም አያቃልልልኝ፤ እኔም አላቃልለውም። እትዬ በግራ እጇ ሊጥ ልሞክር እያለች ነው፤ አጠገቧ ቆሜ አሻለሁ፣ ትሰድበኛለች።

የዳነ ከአምስት ዓመት በኋላ ጉድጓድ ሊቆፍር ወደዚሁ ገደል ይመለሳል አለች ፕሮፌሰሯ። ያኔ ስድሳ ይሞላኛል። ቢመለስም አልለየውም። እሱም አያውቀኝም… እንኳን አላወቀኝ።