ምርቃቴን ድምፅ ብለው ለቆጠሩልኝ ምክትል ዲን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዘመን ኃይለ ማርያም
የኮሌጃችን የሥልጠና ዘርፍ ምክትል ዲን
ላሊበላ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ወንበርዎ እንደምን አሉ? እኔ ከገነተ ማርያም በላይ የምኖረው ግንበኛው አራጋው ደጀን፣ የኮሌጁ ቦርድ የኅብረተሰብ ተወካይ፣ ከጉልበቴና ከኅሊናዬ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴ የዕድሜ ነው፤ ኅሊናዬ ግን የታመመው በእርስዎ ስብሰባ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ እርስዎም አገሩም እንድታነቡት ብዬ ጻፍሁ። ጻፍሁ ማለቴ አጻፍሁ ነው፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የምትጽፍልኝ መናኸሪያው አጠገብ ጽሕፈት ቤት ያላት ዙልፋ ናት፤ እስዋም ገና ከአሁኑ ‹አያ፣ ይሄ ቃል ይከብዳል፤ ትንሽ እናለዝበው› እያለች ነው፤ ‹እንዳልሁት ጻፊው› ብያታለሁና የቃሉ ክብደት የእኔ እንጂ የእስዋ አይደለም።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ከሁለት ዓመት በፊት እደጄ ድረስ መጥተው ‹ኮሌጁ የጋራ ነው፤ የሚመራውም በጋራ ነው፤ እርስዎ ባለድርሻ አካል ነዎት› ብለው ቦርድ አስገቡኝ። የትኛው አካል እንደሆንሁ ያን ጊዜ አልነገሩኝም ነበር፤ አሁን ሲገባኝ አውራ ጣት ነኝ። ለዚህ ማዕረግ ስላበቁኝ፣ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ስላስቀመጡኝ፣ የታሸገ ውሃም ከሁሉ አስቀድመው ስላቀረቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አርባ ዓመት ድንጋይ ስጠርብ ለአንድ አውራ ጣት ይህን ያህል ክብር ሲሰጥ አላየሁም።

አሁን የሆነውን፣ የማያውቅም እንዲያውቀው፣ ከሥሩ ላስረዳ።

በመጋቢት ስብሰባችን አራት አጀንዳ ነበረ። አራቱን ግማሽ ቀን ከተነጋገርንባቸው በኋላ ‹ልዩ ልዩ› አሉና ከወረቀት ላይ ፈጠን ፈጠን ብለው አነበቡ፤ ‹ሪፎርም› ሲሉ ሰማሁ፣ ‹የሰልጣኝ ምጣኔ› ሲሉ ሰማሁ፣ ‹የአዳራሽ እጥረት› ሲሉ ሰማሁ። የድንጋይ ጠረባና ግንባታ ሥልጠናውን ሰባት ሰልጣኝ ብቻ አለው ብለው ሊዘጉት፣ ወርክሾፑንም የስብሰባ አዳራሽ ሊያደርጉት መሆኑን ግን አልሰማሁም። ይህን የሰማው የአሠልጣኞቹ ተወካይ ምስጋኑ ነው፤ ድንጋይ ጠረባውን የሚያስተምረውም እሱ ነው፤ መሮ አያያዝ ያሳየሁትም እኔው ነኝ። እጁን አነሣ። እርስዎም በዚያ መልካም ፈገግታዎ ‹ሰዓታችን አልቋል፤ አባታችን ይመርቁንና እንለያይ› አሉ።

እኔም ተነሣሁ። እንዲህ ብዬ መረቅሁ፦ ‹ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፤ የደጉን በር ይክፈትልን፤ የክፉን በር ይዝጋልን።› ሰው ሁሉ አሜን አለ፤ ወደየቤታችን ሄድን።

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ፀሐይቱ እቤቴ መጣች። ከሰባቱ ሰልጣኞች አንዷ ናት፤ ለመመረቅ አንድ መንፈቅ ነው የቀራት፤ የማዕዘን ድንጋይ ስትጠርብ አይቼ ‹ይቺን እጅ እኔ በወጣትነቴ ባገኘሁ› ያልሁላት ልጅ ናት። ወደ ምግብ ዝግጅት ተዛውረሻል የሚል ደብዳቤና የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ይዛለች። ቁጭ በይ ብላት አልቀመጥም አለች፤ ቆማ አነበበችልኝ፦ ‹በሥልጠናው መዘጋት ላይ የኅብረተሰቡ ተወካይ አቶ አራጋው ደጀን «ይዝጋልን» በማለት ሐሳቡን የደገፉ ሲሆን፣ አባላቱም «አሜን» በማለት በሙሉ ድምፅ አጽድቀውታል።› ከዚያ ቀና ብላ ‹አያ፣ እውነት ይዝጋልን ብለዋል?› ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ብያለሁ።

እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ እናንተ ቁጥር የሌለውን ነገር ስለማትወዱ።

አንደኛ። የእኔን ምርቃት የሚቆርጥ መቀስ በማን እጅ እንደነበረ ይነገረኝ። ‹የክፉን በር› የሚለው የት ገባ? ፈጣሪን ነበር የለመንሁት፤ ልመናዬ እግዜር ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእርስዎ ጽሕፈት ቤት በኩል ማለፉን አላወቅሁም። ይህ ሥርዓት ከቀጠለ እኮ በአገሩ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ሰርግ ቤት ገብቶ ‹ቤታችሁ ይሙላ› ባለ ቁጥር የዕቃ ግዥ ሊያጸድቅ ነው። ደግሞም አሜንን ድምፅ ብሎ መቁጠር ትልቅ ጥበብ ነውና አደንቅዎታለሁ፤ በላስታ ምድር ሲመረቅ አሜን አልልም የሚል ሰው አልተወለደም። ምስጋኑ ራሱ፣ እንጀራው ሲቆረጥ፣ አሜን ብሏል።

ሁለተኛ። የሥልጠና ኃላፊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ በተሳሳተ መንገድ ተረድቼ እንደሆነ ይታረምልኝ። ግንብ ሲገነባ ውስጡንና ውጭውን አንድ ላይ የሚይዝ ረጅም ድንጋይ በየመካከሉ ይገባል፤ እሱ ከሌለ ግንቡ ለዓይን ያምራል እንጂ አንድ ክረምት ሳይሞላው ሆዱ ይነፋና ይናዳል። እኔ እርስዎ ያ ድንጋይ የሆኑ መስሎኝ ነበር፤ የአሠልጣኙን ቃል ለቦርዱ፣ የቦርዱን ለአሠልጣኙ የሚያደርሱ። እርስዎ ግን ልስን ሆነው ተገኙ። ልስን ክፉ ነገር ነው አልልም፤ ስንጥቅ ይሸፍናል። ለካ ወርክሾፑ አዳራሽ የሚሆነውም ለእኛው ኖሯል፤ ስለተዘጉት ሥልጠናዎች በሰፊው ቁጭ ብለን በጋራ እንድንመራ።

ሦስተኛ። ሦስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ዙልፋ ብዕሯን አቁማ ታየኛለች፤ ጻፊ ብያታለሁ።

ከላይ ስናገር አንድ ነገር ዘልያለሁ። እርስዎ አባታችን ይመርቁን ሲሉ ምስጋኑ እጁን አላወረደም ነበር። ተነሥቶ ቆመና ‹አያ፣ ከመመረቅዎ በፊት አንዲት ነገር ብቻ…› አለ። ዝም ያሰኘው እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ‹ቁጭ በል! ታላቅ ለምርቃት ሲቆም ታናሽ አይናገርም› አልሁት፤ ሰው ሳቀ፤ እሱ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ይህን ስል እንዴት ደስ እንዳለኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ያነበቡት ሁሉ አልገባኝም ነበር፤ አልገባኝም ማለት ግን አፈርሁ፤ የምችለው ነገር ሲመጣልኝ ጊዜ ዘልዬ ተነሣሁ። ከሳምንት በኋላም ቃለ ጉባኤውን ለፊርማ ሲልኩልኝ መልእክተኛው ‹ላንብብልዎት?› አለኝ። ‹ምን አለበት፣ እኔም ነበርሁበት› ብዬ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ አተምሁ። ፊደል አለማወቄን አገር ያውቀዋል፤ እኔ ከማን ልደብቀው እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በሩን የቀረጹት እርስዎ ቢሆኑ የገፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰው እውነቱን ሊነግረን ቆሞ ሳለ በሽምግልናዬ አፉን ዘጋሁት። ሰባት ሰው ከሙያው ወጣ። 

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ቦርዱ ከልደታ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሰበሰባል፤ ወርክሾፑም ሰኞ ሊፈርስ ነው ተብሏል። የቅዳሜው የመጀመሪያ አጀንዳ ይህ ይሁን፤ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ ልዩ ልዩ አይባል። አስቀድሞ ምስጋኑ ይናገር፤ እስኪበቃው ይናገር። ከዚያ እጅ ይቆጠር። እኔ ያን ዕለት አልመርቅም፤ ለምርቃት ሌላ ሽማግሌ ይፈልጉ፤ የእኔ ቃል አንድ ነው፤ ‹ይከፈት›። ከፊቱም ከኋላውም ምንም ስለማልጨምርበት ለመቁረጥ አይመችም። በእጅ ብዛት ከተሸነፍሁ ተሸነፍሁ፤ ቢያንስ በገዛ እጄ ነው።

ከስብሰባው በፊት ግን ሌላ ጉዳይ አለኝ። የአገራችን በዳይ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል። እኔም ቅዳሜ ጠዋት በኮሌጁ ደጅ ድንጋይ በጫንቃዬ ላይ አድርጌ በምስጋኑና በፀሐይቱ ፊት እቆማለሁ። ድንጋይ እመርጣለሁ፤ ቀላል አልመርጥም። እነሱ ይቅር ለእግዚአብሔር ብለው እስኪያወርዱልኝ ድረስ እቆማለሁ፤ ባያወርዱልኝም አልቀየማቸውም። እርስዎ ግን እባክዎ ከቢሮዎ ወጥተው ላግዝዎት እንዳይሉኝ፤ ይህ የእኔ ነው። ለእርስዎም ድንጋይ አገሩን ሞልቶታል፤ የሚሆንዎትን ይምረጡ።

ወንበርዎን ያጽናልዎ የሚለውን ምርቃት ‹የወንበር ግዥ ጸደቀ› ተብሎ እንዳይመዘገብብኝ ፈርቼ በሆዴ ይዤ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አራጋው ደጀን
ግንበኛ፤ ባለድርሻ አካል
(ሦስት ጊዜ ተነቦለት፣ ሦስቱንም ጊዜ ሰምቶ፣ አውራ ጣቱን አኑሯል)

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ የታከለ፦ የዚህን ቅጂ በኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልንለጥፍ ስንል ጥበቃው ‹ያለ ፈቃድ አይቻልም› ብሎ ከለከለን። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው ብዬ ብጠይቀው ‹ከቦርዱ አባላት አንዱ ከፈቀደ ይበቃል› አለኝ። እኔም በኅብረተሰቡ ስም ፈቀድሁ፤ ዙልፋ አሜን አለች፤ በሙሉ ድምፅ ተለጥፏል።