የቤኒግና ድርሻ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 25

ዛሬም በረዶ። ዶሮዎቹ ከቤታቸው አልወጡም። ትምህርት በስልክ ነበር፣ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ። ካሜራዬን አልከፈትኩም። መቼ ከፍቼ አውቃለሁ? መምህሩ "ማሪሴላ፣ አለሽ?" ሲሉኝ "አለሁ" ብዬ ጻፍኩላቸው። መጻፍ ይቀለኛል።

ምሳ ላይ አክስቴ ኢሲድራ ነገር አመጣች። አክስቴ እላታለሁ እንጂ የአያቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ በኮሮናው ምክንያት እዚያው ነው የምታድረው። ስለዚህ ቤት ያለነው እኔ፣ አክስቴና አያቴ ፕሮኮፒዮ ብቻ ነን።

"ሳንታ ፌ ላይ፣ የግዛታችን ምክር ቤት ያንን የድሮ ሕግ ሊሽረው ነው" አለች። "ፅንስ ያስወረደውን ሰው የሚያስረውን። የፈለገ ሰው በስልክ ገብቶ ሁለት ደቂቃ መናገር ይችላል። እኔ እናገራለሁ። ስለ ቤኒግና።"

አያቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ቤኒግና በሳንባ ነው የሞተችው።"

"እሱን ለቄሱ ንገረው።"

"ሳንባ ነው አልኩሽ እኮ፣ እትዬ!"

ተነስተው ወጡ። በዚያ ብርድ... ኮፍያቸውን እንኳ ሳያደርጉ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 27

ስለ ቤኒግና የማውቀው ትንሽ ነው። የኢሲድራ ታናሽ፣ የአያቴ ታላቅ። እኔ ሳልወለድ፣ እናቴም ሳትወለድ የሞተች። አንድ ፎቶ አለ፤ በግ አቅፋ ትስቃለች።

ስሟ አይጠራም። ቦይ ጠረጋ ላይ እንኳ! በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ መንደሩ ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል። አያቴ የውሃ አባት ስለሆኑ ቦዩን በዘንጋቸው እየለኩ "ይህ የእገሌ ድርሻ፣ ይህ የእገሊት" እያሉ ያድላሉ። የሞተ ሰው ድርሻም በስሙ ይጠራል። የቤኒግናን ድርሻ ግን "የታችኛው ጥግ" ነው የሚሉት። ለምን? እናቴን አንድ ጊዜ ጠይቄያት "አያትሽ ፊት እንዳትደግሚው" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 30

አክስቴ ጭልፋ እንደ ስልክ ይዛ ስትለማመድ ዋለች። ጻፊው ብላት እምቢ አለች።

"ሁለት ደቂቃ እኮ አጭር ናት፣ አክስቴ።"

"ምን ልዘበዝብ ነው? የማወራው አንድ ሞት ነው።"

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 3

የአክስቴ ቀን ዛሬ ነበር።

ቤታችን ኔትወርክ አይቆምም። የሚሻለው ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ሥር ነው። አክስቴ መንዳት ትታለች፣ እኔ ገና ነኝ። አያቴ እያጉረመረሙ በፒካፑ ወሰዱን። "አድርሼያችሁ እወርዳለሁ፣ መስማት አልፈልግም" ብለው ነበር። ግን ወዴት ይውረዱ? ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ፣ ውጭው በረዶ ብቻ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። እኔ መሃል ሆኜ ስልኩን ከመሪው አጠገብ አቆምኩት።

የአክስቴ ስም ተጠራ።

"እንደምን አደራችሁ፣ የተከበራችሁ። እግዜር ያክብርልኝ። ኢሲድራ እባላለሁ። የኤሊሴዮ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ፕራክሴዲስ ትባላለች፣ ከላይኛው መንደር ናት፣ አባቷ ወፍጮ ነበረው..."

ደቂቃዋ እየበረረች ነው! እኛ መንደር ትልቅ ሰው ሲናገር እንደዚህ ነው የሚጀምረው። የማን እንደሆነ ሳይናገር ማን ይሰማዋል? እጅጌዋን ጎተትኩ።

"ቆይ አንቺ ደግሞ! ገና ሰላም እያልኳቸው ነው።"

ወፍጮው አለቀ። የአያቷ በጎች መጡ። ከዚያ፣ "ሦስት ልጆች ነበርን። መካከለኛዋ ቤኒግና..."

የሰዓቱ ደወል ጮኸ።

"እናመሰግናለን፣ እናታችን። ጊዜዎ አልቋል።"

ሌላ ሰውዬ ማውራት ጀመረ። አክስቴ ስልኩን አየችው። ዘጋሁት። እሷ ግን አላቆመችም። በመስታወቱ ወደ በረዶው እያየች ቀጠለች።

"ቤኒግና አራት ወልዳ ልቧ ደከመ። ሐኪሙ ሌላ ብትወልጂ ትሞቻለሽ አላት። እንግዲያስ መከላከያውን ስጠኝ ብትለው፣ ባልሽ ይፈርም አላት። ባሏ ኮሎራዶ፣ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ። ኦገስት ላይ ለመንደሩ ንግሥ መጣ፣ ሄደ፣ አረገዘች። ሕጉ ደግሞ ሁለት ሐኪም ሆስፒታል ተቀምጦ ካልፈቀደ አይሆንም ይላል። ሁለቱም ከለከሏት። እኔ አልበከርኪ ከተማ፣ ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ ስደርስ ተቀብራለች። ሳንባ ነው አሉኝ።"

ከዚያ አያቴ፣ ከመስኮቱ ሳይዞሩ፦

"አልከለከሏትም።"

"ምን አልክ?"

"የመጣው አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው አጋዘን አደን ሄዶ ነበር። ሰኞ ተመለሱ አሉን።"

"አሉን?" አለች አክስቴ። "አሉን ነው ያልከው?"

አያቴ ሞተሩን አስነሱ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 6

ቤት ውስጥ የሚናገረው ምድጃው ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

አያቴ መጋዘኑ ውስጥ አካፋ ይስላሉ። ለቦይ ጠረጋው ገና ነው እኮ! ጠሩኝ።

"ማሪ፣ አንቺ ከስልኩ ብዙ ነገር ታውቂያለሽ። ያ ሕግ... የሚያስረው የሠራውን ሰው ነው፣ አይደል?"

"እንደዚያ መሰለኝ።"

ሞረዱን ሁለት ሦስቴ ሳቡት።

"የነዳ ሰውስ? መኪና ብቻ የነዳ?"

"አላውቅም፣ አያቴ" አልኩ።

"ተይው። እንዲያው ነው።"

እስከዛሬ ዝም ያሉት ለእምነታቸው ይመስለኝ ነበር። ፖሊስ ፈርተው ነው እንዴ? ከልጅነታቸው ጀምሮ? ፖሊስ መኪና በመንደሩ ባለፈ ቁጥር ወደ ጓሮ የሚገቡትስ... ለዚህ ነበር?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 11

ጠየቅኩ። በድምፄ! መምህሩ ስለ ሕግ አወጣጥ ሲያስረዱ ማይኩን ከፈትኩት፤ ካሜራውም አብሮ ተከፈተ።

"መምህር... ያ የሚሻረው ሕግ... ሰው ያደረሰ ሹፌርን ያስራል?"

አንዱ ልጅ "ማሪሴላ ለካ ድምፅ አላት!" አለ። ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቁም። የአገሪቱ ትልቁ ፍርድ ቤት ማስወረድ መብት ነው ብሎ ከወሰነ ወዲህ በዚያ ሕግ የሚታሰር የለም አሉ። የድሮ ሰውም ቢሆን ይህን ያህል ዘመን ካለፈ አይጠየቅም። "ግን ያ ውሳኔ አንድ ቀን ቢነሳ፣ መጽሐፉ ውስጥ የተኛው ሕግ ይነቃል። መሻር የፈለጉት ለዚህ ነው።"

ሮጬ ለአያቴ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"መጽሐፉ ላይ ግን አለ" አሉ።

"አለ። እስኪሽሩት።"

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 19

ምክር ቤቱ መሻሩን አጸደቀው። አክስቴ ከሬዲዮ ሰማች። "ቤኒግናን ሳይሰሙ ሻሩት" አለች። የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አልለየሁም። አሁን የቀረው የገዥዋ ፊርማ ነው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 26

ተፈረመ። አያቴ እንጨት ይፈልጡ ነበር።

"ከመጽሐፉ ወጣ?"

"ወጣ፣ አያቴ።"

"ጨርሶ?"

"ጨርሶ።"

ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ገብተው "እትዬ" ሲሉ ሰማሁ። እኔ ወደ ዶሮዎቹ ሄድኩ። መስማት አልፈለግኩም... እዋሻለሁ? የወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ቆምኩ።

"...አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰኞ ድረስ ብጠብቅ ባሌ ይመጣል፣ እምቢ ይላል አለች። የምታስወርደው ሴትዮ ቤት አደረስኳት... ስንመለስ ድልድዩ ጋ ውሃ ጠማኝ አለች። በኮፍያዬ ቀድቼላት ስመጣ..."

"ሃምሳ ዓመት!" አክስቴ ጮኸች። "ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳንባ እያልከኝ!"

"ሴትዮዋንም እኔንም ያስሩናል ብዬ ነው። እናታችን ማን ነበራት?"

እንቁላሉን ይዤ ስገባ አያቴ ዓይናቸው ቀልቷል። አክስቴ ባቄላ እየጨለፈችላቸው ነው፣ ያለ ቺሌ በርበሬ። አያቴ ያለ ቺሌ በልተው አያውቁም። ዛሬ ግን በሉ።

ቅዳሜ፣ ማርች 20

ቦይ ጠረጋ። አያቴ ለእኛ ቤት ሁልጊዜ ቆፋሪ ይቀጥራሉ። ዘንድሮ "እኔ እቆፍራለሁ" አልኳቸው። አዩኝ፣ ከሳሏቸው አካፋዎች ቀላሉን መርጠው ሰጡኝ።

ሰዉ ሁሉ ማስክ አድርጎ ቦዩ አፍ ላይ ተሰብስቧል። አያቴ በዘንጋቸው እየለኩ ድርሻ አደሉ። ወደ ታች፣ ወደ ታች... ጥጉ ጋ ሲደርሱ ዘንጉን መሬት ላይ ተከሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ይህ የእህቴ የቤኒግና ድርሻ ነው" አሉ። "በሳንባ አልሞተችም። ሐኪም ፊት የነሳት እለት እኔ ነኝ ወስጄ ያመጣኋት። የሚጠይቀኝ ካለ ቤቴ ይምጣ።"

አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። ሌሎቹም አወለቁ።

"ማነው የሚቆፍረው?" አለ አንዱ።

አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። አዲስ ቆፋሪ የማን እንደሆነ ለሁሉም መናገር አለበት። ከማስኩ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ።

"ማሪሴላ እባላለሁ... የፕሮኮፒዮ የልጅ ልጅ ነኝ። የ... "

ቆምኩ። ስንት ዓይን!

አክስቴ ከዳር፣ ወንበሯ ላይ ሆና በሙሉ ድምፅዋ ጮኸችብኝ።

"ቀጥይ እንጂ! እዚህ ደወል የለም!"

ሁሉም ሳቁ። አያቴም። እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ኤሊሴዮን፣ ፕራክሴዲስን፣ ወፍጮውን፣ በጎቹን ሁሉ... ቤኒግና ጋ ስደርስ ድምፄ አልጠፋም።