ቢጫው ክር ያለቀበት ጥለት

ሰኔ 3 ቀን 1989 ዓ.ም.
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ

ለውድ አባቴ ለአቶ ሞልቱ ገሠሠ፣

አባዬ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ሽመናውን ቻለልህ? እኔ ደህና ነኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይሄኛውን አልቀድም።

የጋለሪው ባለቤት ወይዘሮ ጸደንያ የቀጠሩኝ ሥዕል እንድሰቅል፣ እንግዳ እንድቀበልና ከየሥዕሉ ሥር የሚለጠፈውን የሰዓሊ ስም እንድጽፍ ነበር። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራልና። ከመስቀል በኋላ በሸክላ ሥራዎች ከፈትን፤ ኅዳር ላይ ፎቶግራፍ አሳየን። አንድ ቅዳሜ ግጥም ሲነበብ መብራት ጠፍቶ በሻማ ጨረስነው። ደስ የሚል ዓመት ይመስል ነበር።

የታኅሣሡ ተራ የኢያቄም ነበር። ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ስሙ ብቻ ሰው የሚሰበስብ ሰዓሊ ነው። አሥራ ሁለት ሥዕል አመጣለሁ ብሎ ዘጠኝ ይዞ መጣ። ወይዘሮ ጸደንያ እኔ ስዬ ቤቴ ያስቀመጥኳቸውን ሦስት ሥዕሎች አስመጡኝና በእሱ ስም እንዲሰቀሉ ጠየቁኝ። «የአሁኑን ብቻ ቻይው፤ የግንቦቱ ኤግዚቢሽን ያንቺ ነው» አሉኝ። ሥዕል የተማርኩት ለዚያች ግንቦት ነው ብዬ እሺ አልኩ። በገዛ ሥዕሌ ሥር «ሰዓሊ ኢያቄም» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እጄን ይዞ ያጻፈኝ የለም።

አንተ ሳትነግረኝ የመጣኸው በመክፈቻው ዕለት ሆነ። እንግዶቹን አልፈህ በቀጥታ ከሦስቱ ሥዕሎቼ አንዷ፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰችው ሴት ሥዕል ፊት ቆምክ። ለምረቃዬ የሠራህልኝ ቀሚስ ነበር፤ ቢጫው ክር አልቆብህ ከጥለቱ ጥግ ላይ አረንጓዴ ያስገባህበት። እኔም እንዳለ ነበር የሳልኩት። አጠገብህ ለቆሙት ሽማግሌ «ጥለቱ የእጄ ሥራ ነው፤ የሳለችውም ልጄ ናት» ስትላቸው ሁሉም ዞረ።

ኢያቄም ሳቀ። «አባባ፣ እንግዲህ ጥለት ያየ ሸማኔ ሁሉ የኔ ነው ሊል ነው» አለ። ወይዘሮ ጸደንያ አዩኝ። እንግዶቹም አዩኝ።

«ተሳስተዋል አባባ» አልኩህ።

እንደማላውቀው ሰው። አንተም «ልክ ናት፤ ዓይኔ ደክሟል» አልካቸው። እኔን ለማዳን ራስህን ስህተተኛ አደረግክ። ያመጣህልኝን ነጠላ ለዘበኛው ለሮበሌ ሰጥተህ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ወጣህ። ሮበሌ «አባትሽ ናቸው አይደል?» ሲለኝ ነጠላውን ብቻ ተቀበልኩት። ሮጬ ታክሲው ሳይነሳ ልደርስብህ እችል ነበር። እንግዳ ማስተናገዴን ቀጠልኩ።

ግንቦት ሲደርስ ወይዘሮ ጸደንያ ኤግዚቢሽኑን ለሌላ ሰው ሰጡት። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ትደርሺበታለሽ» አሉኝ። ባለፈው ቅዳሜ በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ያቺ ሥዕል እንደገና በኢያቄም ስም ተሰቀለች። እኔ የሄድኩት ቀሚሱን ለብሼ ነው። ቤቱ በሰው ሲሞላ የእሱን ወረቀት ልጬ የራሴን ለጠፍኩ፦ «ሰዓሊ በቀለች ሞልቱ። የቀሚሱ ሸማኔ ሞልቱ ገሠሠ፣ አባቷ።» ያላመነ መጥቶ የጥለቱን ጥግ ያስተያይ ብዬ ከሥዕሉ ጎን ቆምኩ። ኢያቄም ሊያስተያይ አልመጣም።

ወይዘሮ ጸደንያ «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አሉኝ።

«እኔም አባቴን ያዋረድኩት ሰው ፊት ነው» አልኳቸው።

ሥራዬ እዚያው አበቃ። እሱ አይቆጨኝም።

ነጠላውን እስከ ዛሬ አልለበስኩትም። ልበሺው ካላልከኝ አልለብሰውም።

ሀና፣ እህቴ፣ ይህን የምታነቢለት አንቺ ነሽ። ለብቻው እንዳታነቢለት። ሸማኔ ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ጮክ ብለሽ አንብቢው። «ተሳስተዋል» ያልኩባትን ቦታ አትዝለያት።

አባዬ፣ እግዚአብሔር ዓይንህን ይጠብቅልኝ። ዓይንህ አልደከመም።

ልጅህ
በቀለች ሞልቱ